አስራ አምስተኛው እጥፍ

ሚጢጢ ከሲኒማ ቤት የተመለሰችው ካፖርቷን ሳትቆልፍ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር፤ ብርድ ደረቷን መትቷት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ፊቷን ያየሁት ቀጥሎ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ? ሰው ነካሽ?»

«ገደሏት፣ እማማ!»

«ማንን? የት? መንገድ ላይ ነው?»

«እናቷን ነዋ! የፋኖስ ያዥዋን እናት። ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሷ የለችም። ሞታለች ተባለ። ልጅቷ ፋኖሱን እፍ ብላ አጥፍታ ወደ ቤቷ ገባች። በቃ፣ አለቀ። እንዲህ የሚል መጽሐፍ አለ? እስኪ አንቺው ፍረጂ!»

ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

«ካፖርትሽን ቆልፊ» አልኳት፤ ቤት ውስጥ መሆናችን ጠፍቶኝ።

«እማማ፣ ስለ መጽሐፉ እኮ ነው የማወራሽ!»

«ሰምቻለሁ፣ የኔ እናት። ሰምቻለሁ።»

መስማት ብቻ አይደለም፤ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። ፊልሙ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሚጢጢ የልጅ ልጄ ናት። ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ ነው ስሙ የወጣላት፤ ዛሬ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በቁመት በልጣኝ ከላይ ወደ ታች ታየኛለች፣ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ። በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሚጢጢ ስድስት ዓመት ሲሆናት ሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። «ትምህርት ቤት ሲከፈት እመጣለሁ» ብላ ነው የሄደችው፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ከበሩ ጀርባ እንዳወለቀችው ትታ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ስልኳ ይጠራል አይነሳም፤ ቀጥሎ መጥራቱንም ተወ። ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ፤ «ለቃለች» አሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ፎቶዋን ሰጠሁ፤ ፎቶውም እዚያው ቀረ። ይኸው ሰባት ዓመት። ሞተች እንዳልል ያረዳኝ የለም፤ አለች እንዳልል ድምጿን አልሰማሁም። ነጠላ ጫማው አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው። ሚጢጢ ቤት ስትጠርግ አንስታ፣ ከሥሩ ጠርጋ፣ መልሳ እንደነበረው ታስቀምጠዋለች። ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም።

መጽሐፉ ደግሞ «ፋኖስ ያዥዋ» ይባላል። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጥረዛ ክፍል። ይሄ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲታተም በእጃችን ነው የሰፋነው። ሽፋኑ ተጣሞ የወጣውን አንዱን አለቃችን «ውሰጂው፣ ለልጅሽ ይሆናታል» ብሎ ሰጠኝ። ልጄ ማንበብ የለመደችበት እሱ ነው፤ ስትወልድም ለልጇ ታነብላት ነበር። ታሪኩ አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ስለምትኖር ልጅ ነው። እናቷ በባቡር ሄዳለች። ልጅቷ አመሻሽ ላይ ፋኖስ ይዛ ሀዲዱ ዳር ትቆማለች፤ እናቷ ጣቢያው በጨለማ እንዳያልፋት።

ልጄ ስትሄድ ንባባቸው መሃል ላይ ነበር፤ ቀይ ክር ገጹ ውስጥ አድርጋ ነው የሄደችው። ሚጢጢም «እናቴ ስትመጣ ትጨርስልኛለች» ብላ ማንንም አላስነካችም። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ። አንድ ቀን መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ጨርሽልኝ፤ እናቷ ትመጣለች አይደል?»

መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ስሰፋው አንብቤዋለሁ። «ነገ እንጀምራለን፣ ክሩ ላልቷል፣ መጀመሪያ ልጠግነው» አልኳት።

መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይደለም የሚሰፋው። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ፣ ደግሞ ታጥፎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ታጥፎ፣ አስራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ እኛ «እጥፍ» እንለው ነበር። እጥፉ በእጥፉ ላይ ይደረደርና በክር ይያያዛል። «ፋኖስ ያዥዋ» ሁለት መቶ አርባ ገጽ ነው፤ አስራ አምስት እጥፍ ማለት ነው። አስራ አራተኛው እጥፍ ደግሞ የሚያልቀው፣ እንደ እጣ ሆኖ፣ በአራት ነጥብ ነው፦ «ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። ልጅቷም ፋኖሱን ከፍ አደረገች።» ባቡሩ መቆሙ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ እናትየዋ መቅረቷ፣ ፋኖሱ መጥፋቱ፣ የእናትየዋ ጫማ ካርቶን ውስጥ መግባቱ፣ ይሄ ሁሉ አስራ አምስተኛው ውስጥ ነው።

ሚጢጢ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሽፋኑን በእንፋሎት አላቅቄ፣ የድሮውን ክር በጥሼ፣ አስራ አራቱን ብቻ እንደ አዲስ ሰፋሁ። በመጨረሻው ላይ ባዶ ወረቀት ለጠፍኩ፤ የወረቀቱ ቀለም ከሌላው ጋር እንዲሄድ በሻይ ውሃ ነክሬ አደረቅኩት። ጀርባው እንዳይሰፋበት ካርቶኑን በአንድ ሣር ውፍረት አጠበብኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አለቃዬ ቢያየው «እጅሽ አይታይም» ይለኝ ነበር፤ እሱ ዘንድ ትልቁ ምስጋና ያ ነው። አስራ አምስተኛውን እጥፍ ልጥለው አልሆነልኝም። በጨርቅ ጠቅልዬ ከክርና መርፌ ሣጥኔ ታች ከተትኩት።

የሰባት ዓመት ልጅ ናት አልኩ። ትንሽ ከፍ ስትል እነግራታለሁ አልኩ። እናቷም ትመጣ ይሆናል፣ ያኔ ስቀን እንሰፋዋለን አልኩ። ሚጢጢ ግን መጽሐፉን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ታነበው ጀመር። ከፍ ባለች ቁጥር ነገሩም አብሮ ከፍ አለ።

ከፊልሙ በኋላ የነበረው ሳምንት ለኔ ሳምንት አልነበረም። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፤ ለዚህ ነው ሌላ ቅጂ አይታ የማታውቀው። ፊልሙ ሲወጣ ግን በአዲስ ታተመ፤ የተዋናይቷ ፎቶ ያለበት ሽፋን ለብሶ። የክፍሏ ልጆች ገዝተው አሳዩዋት። ማክሰኞ ዕለት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አድርጋ ገባች።

«ጉድ ስሚ! መጽሐፉንም ቀየሩት!»

«እንዴት?»

«ከፊልሙ ጋር እንዲሄድ ብለው ጨመሩበት። አስራ ስድስት ገጽ! ያቺ ጠባሳ ግንባር የክፍሌ ልጅ 'ያንቺው ነው የጎደለው' ትለኛለች። የኔ እኮ የመጀመሪያው ነው አልኳት፤ አያቴ በእጇ የሰፋችው! ደራሲዋ ሞታለች፤ ሞታለች ብለው እንዳሻቸው ይጫወቱባታል።»

«ተዪያቸው፣ የኔ ቆንጆ። ፊልም አይደል? ያልፋል።»

«አላልፈውም። ቅዳሜ የፊልሙ አዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል፤ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ተመዝግቤያለሁ። መጽሐፌን ይዤ እቆማለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ፊት ሊያዋርዷት ነው፤ ያውም እኔ በሰፋሁት መጽሐፍ።

ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ። ሽማግሌ ነው፣ የልጅ ልጆች አሉት፣ ምስጢር ይይዛል። አወጣሁለት። የስፌት መኪናውን አቁሞ በመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ንገሪያት።»

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍሽ ነዋ፣ በምን ልትነግሪያት ነው?»

«አትቀልድብኝ፣ እባክህ። እናቷ ሞተች ብዬ የደመደምኩ ቢመስላትስ?»

«እህቴ፣ እኔ ሱሪ አሳጥሬ አውቃለሁ። የቆረጥኩትን ጨርቅ ግን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ሰውየው ነገ ቢወፍር ቢረዝም ይፈልገዋል። መልሺላት።»

ማውራት ቀላል ነው። ያን ዕለት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ግን ቆረጥኩ። ሚጢጢ ጠረጴዛው ላይ ጥያቄዋን ስትጽፍ ሣጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ሚጢጢ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ስሚኝና።» ወረቀቷን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ዓይኗ ያበራል። «'እኔ ይህን መጽሐፍ የምወደው ዋሽቶኝ ስለማያውቅ ነው። ሰዎች ወይ ትመጣለች ይላሉ፣ ወይ አትመጣም ይላሉ፤ ሁለቱንም ግን አያውቁም። መጽሐፉ ያወቀ አይመስልም። ፋኖሱን ከፍ አድርጊ ብቻ ይላል። እናንተ ግን ያላወቃችሁትን እንዳወቃችሁ አድርጋችሁ ፋኖሱን አጠፋችሁት።' እንዴት ነው? ረዘመ?»

«አልረዘመም።»

«ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«አንቺስ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

ሣጥኑን ከፈትኩ። እጄ ጨርቁን ነካው። ያወጣሁት ግን ቁልፍ ነው። «የካፖርትሽ ሁለተኛ ቁልፍ ላልቷል፤ አምጪው ልትከልልሽ» አልኳት። ምላሴ እንደዚያ ብሎ አዘዘኝ፤ ምን ላድርግ?

በነጋታው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«እማማ፣ በደህና ነው?»

«የልጅ ልጄን ስም ከጠያቂዎቹ መሃል እንድታወጪልኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ለምን? አመማት?»

«አላመማትም። ብቻ... ሰው ፊት መናገር አትችልም። ትፈራለች።»

ኃላፊዋ ሳቀች። «ሚጢጢ ነች የምትፈራው? ባለፈው ወንበሮቹ ለአጭር ሰው አይሆኑም ብላ የዘመተችብኝ እሷ አይደለች እንዴ? እማማ፣ የሚፈሩት እርስዎ ነዎት። አይስጉ፤ የመጀመሪያዋ ጠያቂ አድርጌያታለሁ።»

«የመጀመሪያዋ?»

«አዎ! ሞቅ እንድታደርግልን።»

አመስግኜ ወጣሁ። ላስወጣት ሄጄ ከፊት አስቀምጫት መጣሁ።

ዓርብ ደግሞ አመመኝ አልኩ። እውነትም ራሴን ያመኝ ነበር፤ ግን ትንሽ አበዛሁበት። ሚጢጢ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ሻይ አፈላችልኝ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበችልኝ፤ ልክ እኔ እሷን እንደማደርጋት። «ነገ አንቺ ተኚ፤ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ። ብቻዋን! ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። እሷ ፀጉሯን ስታበጥር አስራ አምስተኛውን እጥፍ ከነጨርቁ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም። እንዲያው ከሷ ጋር እንዲሆን።

የንባብ አዳራሹ ግጥም ብሏል። ከኋላ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ንፋስ ይገባል፣ ግን ብትወጣ እንዳታመልጠኝ። አዘጋጁ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ትልቅ ሰው መስሎ የሚታይ፣ የሚኮራ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ እሱን እጠላ ነበር። ግን ልጆቹን በጨዋ ደንብ ሰላም አለ።

«የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን» አለች ኃላፊዋ።

ሚጢጢ ተነሳች። መጽሐፏን ደረቷ ላይ ይዛለች። ወረቀቱን ሳታይ በቃሏ ተናገረችው፤ አንድም ቃል አልሳተችም። «ያላወቃችሁትን እንዳወቃችሁ አድርጋችሁ ፋኖሱን አጠፋችሁት። ማን ፈቀደላችሁ?» ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ አመለጠኝ። ለአንዲት ደቂቃ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

አዘጋጁ አልተቆጣም። መነጽሩን አደረገ።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ ሳነበው መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ» አላት። «ፊልሙን ስሠራ ስንት ሰው መጨረሻውን ቀይረው አለኝ መሰለሽ። እናትየዋን አምጣት፣ ሰው ደስ ብሎት ይውጣ አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቀይረው ፈልጌ ነበር። ግን ደራሲዋ የጻፈችውን እኔ ማን ሆኜ ነው የምሰርዘው?»

ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«ደራሲዋ እኮ እንዲህ አልጻፈችም» አለች ሚጢጢ። «የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ። የኔ የመጀመሪያው እትም ነው። ይኸው፣ ሁለት መቶ ሃያ አራት ገጽ። እዚህ ጋ ያልቃል።»

«የመጀመሪያው እትም?» ዓይኑ በራ። ጎንበስ ብሎ ከቦርሳው መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ ተልጦ፣ ማዕዘኑ ተበልቶ፣ ውስጡ ሁሉ በእርሳስ ተሞነጫጭሮ። ያው ሽፋን፣ ያው ፋኖስ። «እኔም እሱን ነው የያዝኩት። ነይ፣ ነይ እስኪ እናስተያየው።»

ልነሳ ፈለግኩ። «ልጄ፣ ተይ ነይ» ልል። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ። ሚጢጢ ወደ ፊት ሄደች። ሁለቱ መጽሐፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። የሷ ጣት በሱ መጽሐፍ ገጾች ላይ ስትሄድ ከዚያ ከበሩ ሥር አየኋት። ሁለት መቶ ሃያ አራት። ጣቷ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ሁለት መቶ ሃያ አምስት። ቆመች። ከዚያ የራሷን አነሳች፣ ባዶውን ወረቀት በጥፍሯ ዳሰሰችው።

ሰውየው ክፋት የለበትም። መጽሐፏን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው።

«የመጨረሻው ክፍል ወጥቶ እንደገና ተጠርዟል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እንዴት ያለ ሥራ ነው! እጅ አይታይበትም። ማን ነው የጠረዘው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ምስጋና ስጠብቅ ኖሬ፣ የመጣልኝ በዚህች ደቂቃ።

ሚጢጢ ዞር አለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወዲያው አገኘችኝ።

«አያቴ ናት» አለች።

አንድ ልጅ ከኋላ ሳቀ። ኃላፊዋ «እሺ፣ ሁለተኛ ጠያቂ» አለች ፈጠን ብላ። ሚጢጢ መጽሐፏን ተቀብላ፣ «አመሰግናለሁ» ብላ፣ በወንበሮቹ መሃል አልፋ፣ እኔንም አልፋ ወጣች። ሻርፗን ረስታዋለች። ይዤላት ተከተልኩ።

መንገዱን ሙሉ ሃያ እርምጃ ትቀድመኛለች። «ሚጢጢ፣ አንገትሽ!» እላለሁ፤ አትዞርም። መኪና መንገድ ላይ ግን ቆማ ጠበቀችኝ፤ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ፣ ከተሻገርን በኋላ ለቀቀችኝ። ያ ከስድብ በላይ ነው የተሰማኝ።

ቤት ገብተን ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«የት አደረግሽው?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጨርቁን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፤ ቦርሳውን አየች።

«ይዘሽው ነበር?»

«አዎ።»

«እዚያ ተቀምጠሽ? ቆሜ ስናገር? እጅሽ ውስጥ ነበር?»

«ልነግርሽ ነበር፣ እኔ አፈር ልብላልሽ፣ ረቡዕ ልነግርሽ ነበር፣ ከዚያም በፊት...»

«አጨበጨብሽልኝ እኮ፣ እማማ። አይቼሻለሁ።»

እሷ ቆማ አነበበችው። ስምንት ቅጠል ነው። እያንዳንዱ ሲገለጥ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ በእጄ አጥፌዋለሁና ድምፁን አውቀዋለሁ። ፋኖሱ የሚጠፋበት ገጽ ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች ብዬ ወንበሬን ጠጋ አደረግኩ። አላለቀሰችም። ጨርሳ እጥፉን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ምን አወጣሽ?»

«ምንም። ከመጽሐፉ ያወጣሁት ይሄን ብቻ ነው።»

«ስለ መጽሐፉ አይደለም የምጠይቅሽ።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ከእናቴ ስንት ደብዳቤ መጣ?»

«ሁለት። ታውቂዋለሽ፤ ሁለቱንም አንብበሻል።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ፣ ሚጢጢ። በሞተችው እናቴ!»

«መጽሐፉም እዚህ ጋ ያልቃል ብለሽኝ ነበር።»

ምን ይመለሳል? እስኪ ንገሩኝ፤ ምን ይመለሳል? እውነቱን ነው የነገርኳት። ሦስተኛ ደብዳቤ የለም። የመርዶ ወረቀት የለም። ከፖሊስ የመጣ፣ ከሆቴል የተላከ፣ ከሐኪም ቤት የተጻፈ ምንም ነገር የለም። ግን የሌለ ነገር በምን ይታያል? ያለውን አውጥቼ ማሳየት እችላለሁ፤ የሌለውን ከየት አመጣላታለሁ?

«ፈልጊ» አልኳት። ከአንገቴ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አውልቄ ሰጠኋት። «ሁሉንም ክፈቺ።»

ከፈተች። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። የክረምት ልብሴን ገበር ዳበሰች። ፍራሹን አብረን ገለበጥነው፤ ከባድ ስለሆነ ወገቧን እንዳትጎዳ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። የመርፌ ሣጥኔን አራገፈችው፤ ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ነጠላ ጫማ ብቻ አልነካችውም፤ አልፋው ስትመለስ እንኳ እግሯን አነሳች።

ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆመች። እዚያ ላይ ሃያ ሁለት መጽሐፍ አለ፤ ሁሉንም የጠረዝኩት እኔ ነኝ። ሽፋን፣ ካርቶን፣ ባዶ ወረቀት፣ ከባዶው ወረቀት ሥር ሌላ ወረቀት፤ ከሥሩ ደብዳቤ ሊደበቅ ይችላል። ምን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። እኔም እሷን ብሆን እንደዚያው ነው የማስብ።

ወደ ማድ ቤት ሄዳ የዳቦ ቢላዋ ይዛ መጣች።

«በሱ አይሆንም» አልኳት፤ ብድግ ብዬ። «ጥርስ አለው፣ ካርቶኑ ላይ ይነክስና እጅሽን ይቆርጥሻል።»

ከወለሉ ላይ የጥረዛ ቢላዬን አነሳሁ፤ አጭር ነው፣ አፉ አሁንም ፀጉር ይቆርጣል። እጀታውን ወደሷ አድርጌ ሰጠኋት።

«ከውስጥ በኩል ጀምሪ። ሽፋኑና ወረቀቱ የተጣበቁበትን መስመር ተከተዪ። ወደ ራስሽ አትሳቢው፤ ወደ ውጪ ግፊው።»

ተቀበለችኝ። የመጀመሪያው መዝገበ ቃላቱ ነበር። እንዳልኳት አደረገች፤ እጇ ጥሩ ነው፣ የኔን እጅ ነው የወሰደችው። ካርቶኑ ተላቀቀ። ከሥሩ የደረቀ ሙጫና ክር ብቻ። ሁለተኛውን አነሳች። ሙጫና ክር። ሦስተኛውን። እየመሸ ስለነበር ዓይኗን እንዳታደክም መብራቱን አበራሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ የከፈተቻቸውን እየተቀበልኩ በተራ ደረደርኩ።

አምስተኛውን ስታነሳ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ነው። ያኔ ነው ምነው ደብቄ በነበር ያልኩት። አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ ክፉም ትሁን፣ የልጄ እጅ ጽሑፍ ያለባት፤ ሚጢጢ አግኝታት፣ ጮሃብኝ፣ ሰድባኝ፣ ለዘላለም ጠልታኝ ቢሆን።

ካርቶኑ ተላቀቀ። ሙጫና ክር።

«ቀጥዪ» አልኳት፤ ስድስተኛውን አቀበልኳት።